ስለ ዝናብና ስለ ሙቀት መዝገብ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ ንግግር



ገበሬ በዓመት ውስጥ ከሚቈርጠው ነገር ሁሉ የሚከብደው የሚዘራበትን ቀን መቍረጥ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ መሬቱ ሲርስ ዘሩን ይበትናል፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ቀን ደርቆ የሰነበተ እንደ ሆነ ግን ቡቃያው ይጠወልጋል፥ ለዳግመኛ የሚዘራም እህል በጎተራው ላይገኝ ይችላል። እንግዲህ ዛሬ የምነግራችሁ ነገር የእንጀራ ነገር ነው።

አባቶቻችን ደመናውንና ነፋሱን እየተመለከቱ የዘመኑን ጠባይ ይመረምሩ ነበር፤ ይህም እውቀት የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሽማግሌው «በዚያ ዓመት ክረምቱ ዘግይቶ ገባ» ቢል፥ በስንት ቀን እንደ ዘገየና ምን ያህል እንደ ዘነመ ከእርሱ በኋላ የሚያስረዳ የለም። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል መባሉ ስለዚህ ነው። በኮሪያ አገርም በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1441 ዓመት፥ የዝናብ መለኪያ ታስቦ ከተሠራ በኋላ ወደየአውራጃው ተልኮ፥ ሹማምንቱ የዘነመውን ልክ እየጻፉ እንዲያስታውቁ ታዘዙ።

ሥራው ቀላል ነው። አፉና ታቹ እኩል ስፋት ያለው፥ ታቹም ዝርግ የሆነ ቆርቆሮ በገላጣ ስፍራ እንዳይወድቅ ተደግፎ ይቁም፤ ከዛፍና ከቤትም ቢያንስ የቁመታቸውን ሁለት እጥፍ ይራቅ። ዘወትር ጧት በ3 ሰዓት የተጠራቀመው ውሃ ከፍታ በማስመሪያ በሚሊሜትር ተለክቶ ይጻፍና ውሃው ይደፋ። አንድ ሚሊሜትር ጥቂት መስሎ አይታያችሁ፤ በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ ሲወርድ 10,000 ሊትር ውሃ ነውና። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሙቀት የሚያሳይ ቴርሞሜትር ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ፀሐይ በማይነካው፥ ነፋስ ግን በሚያልፍበት ነጭ ሣጥን ውስጥ፥ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ አድርጎ ይስቀለው፤ ሁለቱንም ልክ በየቀኑ ይመዝግብ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን እውነት ነው። ዝናብ ባልወረደበት ቀን 0 ተብሎ ይጻፍ። ሳይለካ የቀረ ቀን ግን «አልተለካም» ይባል እንጂ 0 አይባል። የሁለት ቀን ውሃ በአንድነት የተለካ እንደ ሆነም የሁለት ቀን መሆኑ ይጻፍ። ባዶው ቦታ አለመታወቁን ይናገራል፤ በግምት የተጻፈ ቍጥር ግን እውነት መስሎ ያሳስታል።

አንድ መንደር ብቻውን የነገውን ዝናብ ሊያውቅ አይችልም። የአየር ጠባይ አዋቂዎች ግን ከብዙ ስፍራ የተሰበሰበውን ልክ አንድ ላይ አድርገው ያሰላሉ፤ ሳተላይት ከላይ ሆኖ የሚገምተውንም ዝናብ በምድር በተለካው ያርሙታል። አገራችን ደጋና ቈላዋ የተቀራረበ ስለ ሆነ፥ በአንዱ ሸንተረር ሲዘንም ማዶው ፀሐይ ነው፤ ስለዚህ ሩቅ ያለ መለኪያ ስለ እናንተ ማሳ አይመሰክርም። በ2007 ዓ.ም. ኤል ኒኞ በሚባለው በፓሲፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ምክንያት ክረምቱ በብዙ አውራጃ ጎድሎ ነበር። ጎደለ ሲባል ከምን ያህል እንደ ጎደለ የሚታወቀው ግን የቀደሙት ዓመታት ተጽፈው እንደ ሆነ ነው፤ የአንድ ስፍራም መደበኛ ልክ የሚወጣው በ30 ዓመት መዝገብ ነው።

ስለዚህ መምህር ሆይ፥ ተማሪዎችህን በተራ አሰማራ፤ በዕረፍት ወራትም ክረምቱ ስለሚበረታ መለኪያውን ለታመነ ሰው አደራ ስጥ። ሽማግሎች ሆይ፥ ቆርቆሮውን ከከብትና ከልጅ ጠብቁ፤ መምህር ተዛውሮ ሌላ ሲመጣ መዝገቡን እንዲቀበል አድርጉ። የወሩም ቍጥር ሲፈጸም ለግብርና ሠራተኛውና ቅርብ ላለው የአየር ጠባይ ጣቢያ ይታይ።

ዛሬ ጧት በእውነት የተጻፈች አንዲት ቍጥር፥ የልጅ ልጆቻችሁ የሚዘሩበትን ቀን ሲቈርጡ ትመክራቸዋለች።