በከባድ የጋዝ ተርባይን ውስጥ ስላሉ የአቃጣጠል ስልቶች



ደቻቱ ከዚራንና መጋላን ለይቶ በሚያልፍባት በድሬዳዋ ከተማ የሞተር ድምፅ እንግዳ ነገር አይደለም። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰባት ወዲህ በእንፋሎት፣ ኋላም በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ሲጠገኑባት ኖረዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የግድቦች ውሃ በድርቅ በቀነሰ ጊዜም የናፍጣ ጀነሬተሮች ተተክለውባታል። ከባድ የጋዝ ተርባይን ግን እስካሁን አልተተከለባትም።

ታዲያ ጉዳዩ ለምን ይነሣል ቢባል፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ በኦጋዴን ካሉብ በተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ላይ የተሠራው የመጀመሪያው የማምረቻ ምዕራፍ ከሃምሳ ዓመት ቆይታ በኋላ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመርቋል። ጋዝ በወጣበት አገር በጋዝ ኀይል ስለ ማመንጨት መወያየት አይቀርም። ድሬዳዋም ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው የ230 ኪሎቮልት መስመር መነሻ በመሆኗ በውይይቱ ስሟ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይሆንም። እንዲህ ያለውን መኪና ለመምረጥ የሚቀመጡ መሐንዲሶች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ይኸውም አምራቹ ስለ ጭሱ ንጽሕና የሚጽፈው ቁጥር ለአንድ የአቃጣጠል ስልት ብቻ የሚሠራ መሆኑና መኪናው በየትኛው ስልት እንደሚውል የሚወስነው አምራቹ ሳይሆን የኀይል መረቡ መሆኑ ነው።

የመኪናው መሠረተ ሐሳብ ቀላል ነው። መጭመቂያው አየር ይስባል፤ በማቃጠያው ክፍል ነዳጅ ይነድበታል፤ የጋለው ጋዝ ተርባይኑን ይዘውራል። በ1939 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የስዊዘርላንዱ ብራውን ቦቬሪ ለኖይሻቴል ከተማ የሠራውና ለሕዝብ መብራት በማመንጨት በዓለም የመጀመሪያ የሆነው የጋዝ ተርባይን 4 ሜጋዋት ይሰጥ ነበር፤ ከነዳጁም ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 17 ያህሉን ነው። በዚያን ጊዜ ከነበልባሉ የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳይጠፋ!

ነዳጁና አየሩ ለየብቻ ገብተው በሚገናኙበት ወሰን ላይ የሚነደው ነበልባል የማይጠፋ ጽኑ ነበልባል ነው። ይሁን እንጂ አየሩ በጠቅላላው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ በወሰኑ ላይ ነዳጁ የሚያገኘው ለመቃጠል የሚበቃውን ያህል አየር ብቻ በመሆኑ ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ሙቀት ከ1,500 ዲግሪ እየዘለለ በሄደ መጠን የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክሲጅን መዋሐዳቸው እጅግ ይፋጠናል፤ የዚህን ኬሚካዊ አካሄድ ያስረዳው ሩስያዊው ያኮቭ ዜልዶቪች ነበር። የሚወጣው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ሳንባን ይጎዳል፤ አሲድ የተቀላቀለበት ዝናብም ያስከትላል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ውሃ ነበር። በነበልባሉ ላይ ውሃ ወይም እንፋሎት ሲረጭ ሙቀቱ ይበርዳል። ነገር ግን 100 ሜጋዋት የሚያመነጭ መኪና በሰዓት ከ20 ቶን በላይ ጋዝ ስለሚያቃጥል ውሃውም ወደዚያው ግድም ይሆናል፤ ያውም ጨውና ማዕድኑ ፈጽሞ የወጣለት ውሃ። ከከርሰ ምድር እየሳበች ለምትጠጣ እንደ ድሬዳዋ ላለች ከተማ ይህ ገና ከመጀመሪያው የማይታሰብ ነው።

ሁለተኛው መድኃኒት ነዳጁን ከብዙ አየር ጋር አስቀድሞ አዋሕዶ፣ ስስ የሆነውን ውሕድ ማቃጠል ነው። ችግሩ ስስ ውሕድ በቀላሉ የሚጠፋ መሆኑ ነው። ትንሽ ሲወፍር ሙቀቱ ይንርና ጭሱ ይበላሻል፤ ትንሽ ሲሳሳ ነበልባሉ ይጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ስለሆነ መኪናው ከመነሣት እስከ ሙሉ ጭነት በአንድ ስልት ሊሄድ አይችልም። የአቃጣጠል ስልቶች የተፈጠሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

የጄኔራል ኤሌክትሪክ ዲኤልኤን-1 የተባለው ማቃጠያ ለትምህርት ይመቻል። በእያንዳንዱ የማቃጠያ ጣሳ ዙሪያ ስድስት የመጀመሪያ ረድፍ የነዳጅ አፍንጫዎች፣ በመካከሉም አንድ ሁለተኛ አፍንጫ አሉት፤ ጣሳውም የፊትና የኋላ ተብሎ በሁለት ክፍል ይታያል። መኪናው ሲነሣ ጋዙ ሁሉ በስድስቱ በኩል ገብቶ በፊተኛው ክፍል ይነዳል፤ ይህ እስከ ጭነቱ ከመቶ 20 ድረስ ይቆያል። ከዚያ በላይ እስከ ከመቶ 50 ገደማ ነዳጁ ለሁለቱም ወገን ይከፈልና በሁለቱም ክፍል ነበልባል ይኖራል፤ ባለሙያዎች ሊን-ሊን ይሉታል። ቀጥሎ የሚመጣው አስገራሚ ነው። ነዳጁ በሙሉ ለጥቂት ጊዜ ወደ መካከለኛው አፍንጫ ይዛወራል፤ የፊተኛው ክፍል ነበልባል ሆን ተብሎ ይጠፋል። መጥፋቱን የነበልባል መመልከቻው ሲያረጋግጥ ጋዝ እንደገና ወደ ስድስቱ ይመለሳል፤ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል። አሁን ግን ሳይነድ ከአየር ጋር ይዋሐዳል እንጂ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ወደ ኋላው ክፍል ሲደርስ ብቻ ነው። የቅድመ ውሕደት ስልት የሚባለው ይህ ሲሆን፣ በውል ላይ የሚጻፈው ትንሽ ቁጥር፣ ከሚሊዮን እጅ 25 ወይም 15 ወይም 9 የሚለው፣ የዚህ ስልት ብቻ ነው።

ጭነት ሲቀንስ ደግሞ በጠፋው ክፍል ብልጭታ ተለኩሶ ወደ ሊን-ሊን ይመለሳል። አንዳንድ ጊዜ ነበልባሉ ሳይጠራ ወደ ፊተኛው ክፍል ዘሎ ይገባል። ያን ጊዜ መኪናው ሙሉ ኀይል እየሰጠ ሳለ ጭሱ ይበላሻል፤ በዚህ ሁኔታ ለብዙ ሰዓት የተነዳ ማቃጠያም የጥገና ቀኑ ይቀርባል። በመለኪያው ሰሌዳ ላይ ሜጋዋቱን ብቻ የሚያይ ተረኛ ይህን ላያስተውል ይችላል።

በሜጋዋት ብቻ መመልከት በሌላም በኩል ያሳስታል። ተቆጣጣሪው ስልቱን የሚለውጠው በተርባይኑ መግቢያ ይኖራል ብሎ በሚያሰላው የጋዝ ሙቀት እንጂ በሜጋዋት አይደለም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በከመቶ 13 ያህል ያንሳል፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስም ሌላ ተቀናሽ አለ። በባሕር ወለልና በ15 ዲግሪ 100 ሜጋዋት የሚባል መኪና በዚያ ሰዓት ወደ 75 ይወርዳል። ስለዚህ ከመቶ 50 የሚባለው የሽግግር ነጥብ በቀትር 37 ሜጋዋት ገደማ ሲሆን፣ በማለዳው ብርድ ከዚያ ከፍ ይላል። ያው 38 ሜጋዋት ቀትር ላይ በንጹሑ ስልት፣ ማለዳ ግን በሊን-ሊን ሊመነጭ ይችላል።

አሁን ወደ መረቡ መመለስ ይገባል። የኢትዮጵያ ኀይል በአብዛኛው የውሃ ነው፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በምሥራቁ መስመር የአይሻ ነፋስ አለ፤ ነፋስ ደግሞ ባሻው ሰዓት ይነሣል፣ ይቆማል። እንዲህ ባለ መረብ ውስጥ የጋዝ ተርባይን ሙሉ ጭነት ይዞ ዓመቱን የሚያድር አይሆንም። የሚጠራው ጎዶሎ ሲመጣ ነው፤ ነፋሱ ሲወድቅ ከፍ፣ ሲመለስ ዝቅ እያለ በሽግግሩ ነጥብ ላይ እየተመላለሰ ይውላል። እያንዳንዱ ሽግግር የግፊት መዋዠቅ ያመጣል፤ ማቃጠያው ያገሣል፤ ቆርቆሮው ይሰነጠቃል። አምራቾች የመጭመቂያውን የመግቢያ ክንፎች በመዝጋትና የጋለ አየር መልሰው ወደ መግቢያው በመስደድ ንጹሑን ስልት እስከ ከመቶ 40 ዝቅ ያደርጉታል፤ ይህ ግን ከነዳጅ ቁጠባው ላይ የሚቆረጥ ነው።

የደቻቱ አልጋ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የወረደው ጎርፍ ግን ከ250 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። የወንዝ ዳር ግንብ ቁመት በደረቁ ወራት ልክ አይሰላም፤ የተርባይን ግዥ ግን ብዙ ጊዜ በጸጥተኛው ሰዓት ልክ፣ ማለትም በሙሉ ጭነት በሚደረግ የርክክብ ፈተና ይፈጸማል።

እንግዲህ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ከሜጋዋቱና ከነዳጅ ፍጆታው ቀጥሎ የሚጠይቀው ይኖረዋል። ንጹሑ ስልት በ1,200 ሜትር ከፍታ፣ በማለዳም በቀትርም፣ እስከ ስንት ሜጋዋት ዝቅ ይላል? በቀን ስንት ጊዜ ስልት ቢለዋወጥ የጥገናው ዘመን በምን ያህል ያጥራል? ነበልባሉ ያለቦታው ቢለኮስ ተረኛው በምን ያውቃል? የጋዙ ይዘት ከጉድጓድ ጉድጓድ ቢለያይ ማስተካከያውን ማን ይሠራል፤ ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ ወይስ በጣቢያው የሠለጠነ? የርክክቡም ፈተና በሙሉ ጭነት ብቻ ሳይሆን ከመቶ 40፣ ከመቶ 50ና ከመቶ 60 ላይ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም እየተመላለሰ እንዲደረግ በውሉ ውስጥ ቢገባ፣ ሻጩ ሊቃወመው የሚችልበት የቴክኒክ ምክንያት የለም።