እኩያ እኩያውን ያስተምር

(በቦንጋ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ አዋቂዎች ፊደል ቆጥረዋል። የማስተማሪያዎቹ ቋንቋዎች በኋላ 15 ሲደርሱ የካፋ ቋንቋም ከመካከላቸው ነበረ። ያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ከ65 ዓመት አልፏል። በጣት አሻራ መፈረምን ትቶ ስሙን በእጁ የጻፈው ይህ ሰው፣ በእጅ ስልክ ፊት እንደገና «እኔ አላውቅም» ሲል እንሰማዋለን።

ነገሩ የቅንጦት አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ያለ ልጅ ለእናቱ ብር በስልክ መላክ ችሏል። እናት ግን አጠቃቀሙን ስለማታውቅ ስልኳንም የምሥጢር ቁጥሯንም ለሌላ ሰው ትሰጣለች። ይህም የሣጥንን ቁልፍ አሳልፎ እንደ መስጠት ነው። አንድ ብር ባይጎድል እንኳ፣ ስንት ብር እንዳላት የምትሰማው ከሰው አፍ ነው።

ወጣቶቻችን መርዳት ይወዳሉ። ሆኖም «እማማ፣ አምጡት» ብለው ይቀበሉና በቅጽበት ጨርሰው ይመልሳሉ። ሥራው ተሠርቷል፤ ትምህርት ግን አልተላለፈም። በዕድሜ እኩያ የሆነች ጎረቤት ራሷ የተቸገረችበትን ስለምታውቅ በካፊኖኖ ቀስ ብላ ታስረዳለች፤ ሦስት ጊዜ ብትጠየቅም አትሰለችም። በእርሷ ፊት መሳሳትም አያሳፍርም።

ስለዚህ በየአጥቢያው ከአረጋውያን መካከል ስልክ የለመዱ ሁለት ሰዎች ይመረጡ። ከቡና በኋላ አራት አምስት ሆነው ይቀመጡ። ኔትወርክ ለማይደርስበት ቀበሌ የገበያ ቀን ይመረጥ። ውድ ስልክ አያስፈልግም፤ በተራ ስልክም *127# ሲደወል ቴሌብር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መጀመሪያ ቀሪ ሒሳብ ማየት፣ ቀጥሎ እርስ በርስ 5 ብር መላላክ ይለማመዱ። ስልኩ ከተማሪው እጅ አይውጣ። የምሥጢር ቁጥሩን ሲመታ አስተማሪው ፊቱን ያዙር። «ዕጣ ወጥቶልዎታል» ወይም «በስሕተት ብር ልኬብዎታለሁ» ብሎ ቁጥሩን የሚጠይቅ ደዋይ አታላይ መሆኑም አስቀድሞ ይነገር።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፤ በሪፖርታችሁ ስንት ሰው እንደተመዘገበ ብቻ ሳይሆን፣ ስንቱ ያለ ረዳት ቀሪ ሒሳቡን እንዳየ ጻፉልን።

ፊደልን በአዋቂነታቸው የተማሩ አባቶችና እናቶች ይህንንም ይማራሉ። የእኛ ድርሻ ስፍራውን ማዘጋጀት፣ ቡናውን ማፍላትና እጃችንን ከስልካቸው ላይ ማንሣት ነው።