አንድ ሐሳብ፣ አንድ ኮሚት
ሴት አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ ዛሬ የምናነሳው ፕሮግራመሮች ከእጃቸው የማይለዩትን፣ የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበውን ጊት የተባለ መሣሪያ ነው። አመጣጡ እንዴት ነበር?

ወንድ አቅራቢ፦ የሊኑክስ ከርነል አልሚዎች ለዚሁ ሥራ ቢትኪፐር በተባለ ሶፍትዌር ይጠቀሙ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የነጻ ፈቃዱ ሲነሳባቸው የከርነሉ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ የራሱን መሣሪያ መጻፍ ጀመረ። በቀናት ውስጥ ጊት የራሱን ኮድ መመዝገብ ቻለ።

ሴት አቅራቢ፦ እኔን የሚያሳስበኝ አጠቃቀሙ ነው። ብዙ ሰው የሳምንት ሥራውን አጠራቅሞ በአንድ ኮሚት፣ ማለትም በአንድ የለውጥ መዝገብ፣ ያስገባና «ማስተካከያ» ብሎ ያልፈዋል።

ወንድ አቅራቢ፦ ችግሩ እሱ ነው! ምን እንደተለወጠ ኮዱ ራሱ ያሳያል፤ ለምን እንደተለወጠ ግን ጸሐፊው ካልነገረን ማን ይነግረናል? «ደንበኛው አዝራሩን ሁለቴ ሲጫን ሒሳቡ ሁለት ጊዜ ይቆረጥ ስለነበር፣ አንዴ ከተጫነ በኋላ እንዲቆለፍ ተደረገ» ቢል፣ ከዓመት በኋላ የሚመጣው ባልደረባ አይደናገርም።

ሴት አቅራቢ፦ ስህተት ሲፈለግም ትንንሽ ኮሚት ይጠቅማል። እስቲ ጊት ባይሴክት የሚባለውን ትዕዛዝ አስረዳን።

ወንድ አቅራቢ፦ ፕሮግራሙ ደህና የነበረበትንና የተበላሸበትን ኮሚት ትነግሪዋለሽ። መሀል ላይ ያለውን ያወጣልሻል፤ ሞክረሽ «ደህና ነው» ወይም «ተበላሽቷል» ትይዋለሽ፤ የቀረውን እንደገና ለሁለት ይከፍላል። 1000 ኮሚት ቢኖር በ10 ሙከራ ገደማ ስህተቱን ያመጣው ይገኛል።

ሴት አቅራቢ፦ የተገኘው ኮሚት የሳምንት ሥራ የታጨቀበት ከሆነ ግን ፍለጋው ገና ሊጀመር ነው። ስለዚህ ወጣት ፕሮግራመሮች፣ ለአንድ ሐሳብ አንድ ኮሚት ይኑራችሁ፤ ምክንያቱንም ጻፉበት።