የጎደለችው 311ኛ ቁጥር

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ከሕክምና ውጭ የሆነ ነገር ተናገሪ፤ ስለ ደም ግፊት ከጀመርሽ ማይኩን እንነጥቅሻለን» ብለውኛል። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤዝቦል ካርድ ነው። አትሳቁ! ቆርኪ ሳይሰበስብ ያደገ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው ለስፔሻሊቲ ትምህርት አሜሪካ በሄድኩ ጊዜ ነው። ምድር ቤታቸውን ያከራዩኝ ሰው ባለቤታቸው የሞቱባቸው ጡረተኛ ፖስተኛ ነበሩ። በስሜ ጥሪኝ ቢሉኝም አልሆነልኝም፤ «ሚስተር» እንዳልኳቸው ቀረሁ። ከአዳር ተረኝነት ስመለስ ጠረጴዛ ላይ ወፍራም አልበም ዘርግተው አገኛቸዋለሁ። የብሩክሊኑ የማስቲካ ኩባንያ ቶፕስ በ1952 ያወጣቸው የተጫዋቾች ካርዶች ናቸው። ሙሉው 407 ነው። እንዲህ ያለውን ሙሉ ስብስብ ፈረንጆቹ «ሴት» ይሉታል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ሌላ ጣጣ ስለሚያመጣ «ስብስብ» ብዬ ልቀጥል። እሳቸው 406 ነበራቸው።

እኔ «አሮጌ ነገር ውድ ነው» ከሚለው ሌላ የማውቀው አልነበረም። እሳቸው ግን ልክ እንደ ዋርድ ራውንድ አንድ በአንድ አስረዱኝ።

ቶፕስ ካርዶቹን ያወጣው በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ ነበር። የመጨረሻዎቹ 97 ካርዶች፣ ማለትም ከ311 እስከ 407 ያሉት፣ ሱቅ የደረሱት የቤዝቦሉ ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው። ልጆቹ ልባቸው ወደ አሜሪካ ፉትቦል ዞሯል፤ ባለሱቆቹም አናዝም አሉ። ብዙው መጋዘን ውስጥ ተከማችቶ ቀረ። ካርዶቹን ከነደፉት ሰዎች አንዱ የሆነው ሳይ በርገር ራሱ እንደተናገረው፣ በ1960 ገደማ የተረፈውን በጭነት ጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስደፋው። ያኔ የሚገዛው ጠፍቶ ነው እኮ!

ከእነዚህ የመጀመሪያዋ፣ ቁጥር 311፣ የሚኪ ማንትል ካርድ ናት። በኦገስት 2022 እጅግ ንጹሕ የሆነች አንዷ በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። ታዲያ ከሁሉም ብርቅ እሷ ናት ትሉ ይሆናል። አይደለችም። የሚታተሙበት ሉህ 100 ቦታ ነበረው፤ ካርዶቹ ደግሞ 97። ስለዚህ ሦስቱ፣ ማንትል፣ ጃኪ ሮቢንሰንና ቦቢ ቶምሰን፣ በየሉሁ ሁለት ሁለት ጊዜ ታተሙ። እዚያው ሉህ ላይ ያለ፣ ስሙን ማንም የማያስታውሰው ተቀያሪ ተጫዋች ሲታተም በቁጥር ከማንትል ያንስ ነበር ማለት ነው። ዋጋን የሚወስነው ጥቂትነት ብቻ አይደለም፤ ስንት ሰው ይፈልጋታል የሚለውም ነው። ማንትልን ቤዝቦል የወደደ ሁሉ ይፈልጋታል።

ተቀያሪውን ማን ይፈልገዋል? ስብስብ የሚሞላ ሰው። ለእሱ ኮከብም ተቀያሪም አንድ አንድ ቦታ ነው የሚይዙት። ከ311 በላይ ያለ ተራ ተጫዋች ከፊተኞቹ ተራ ተጫዋቾች በብዙ እጥፍ የሚወደደው በእነዚህ ሰዎች ምክንያት ነው። ኩባንያዎቹም ይህን ጠባይ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የቦስተኑ ጉዲ በ1933 ካርዶቹን እስከ 240 ቆጥሮ ሲያወጣ 106ን ዘለላት። ልጆቹ 106 ትገኛለች እያሉ ማስቲካ መግዛት ነው። በመጨረሻ እየጻፉ አቤት ላሉት፣ በ1934 የናፕ ላጆይን ካርድ 106 ብሎ አትሞ በፖስታ ላከላቸው። ዛሬ ያንን ስብስብ የሚሞላ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በእሷ ነው።

ሦስተኛው ነገር የካርዱ ይዞታ ነው። ከ1991 ጀምሮ ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለ ድርጅት ካርድ እየመረመረ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል። ቨርጂኒያ አፕጋር የአራስ ሕፃናት ነጥቧን ያቀረበችው በዚያው በ1952 መሆኑን ስነግራቸው በጣም ሳቁ። ቁጥር 1 አንዲ ፓፍኮ ነው። ልጆች ካርዳቸውን በተራ ደርድረው በላስቲክ ሲያስሩ ከላይ ሆኖ የሚጎዳው እሱ ነበር። በዚህ የተነሳ ንጹሕ ፓፍኮ ማግኘት መከራ ነው።

ልጆቻችሁ እንጀምር ካሏችሁ ምክሬ ይኸው። አስቸጋሪዎቹን መጀመሪያ ግዙ፤ አንዲት ብቻ ስትቀራችሁ ሻጩ ፊታችሁን አይቶ ነው ዋጋ የሚጠራው። ጥጉ የታጠፈ ካርድ አትናቁ፤ ቦታውን ይሞላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። የ1980ዎቹን መጨረሻ ካርዶች ሀብት ነው ብሎ የሚሸጥላችሁ ከመጣ በትሕትና ሸኙት፤ ያኔ ያለ ልክ ስለታተሙ አብዛኞቹ ዋጋ የላቸውም። ማስመሪያም ያዙ።

ማስመሪያውን የተማርኩት በውርደት ነው። የእኚህ ሰው ጎዶሎ ራሷ ማንትል ነበረች። በልጅነታቸው ከማስቲካ ፓኬት አግኝተዋት፣ ባለቤታቸው ሲታመሙ ኢንሹራንሱ ላልሸፈነው ሕክምና ሸጧት። ሌላውን ለምን አልሸጡም ብላቸው «ሌላው ገዢ እስኪያገኝ ወር ይፈጃል። ማንትል በማግስቱ ገንዘብ ሆነች» አሉኝ። ሴትየዋ ሌላ ሁለት ዓመት ኖሩ።

ትምህርቴን ስጨርስ ውለታቸውን ልመልስ ብዬ ከቁንጫ ገበያ ማንትልን ገዛሁላቸው። ርካሽ ነበረች፤ ዕድለኛ ነኝ አልኩ። አመስግነው ተቀበሉኝና ማስመሪያ አመጡ። የ1952ቱ ካርድ ቁመቱ 9.5 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ የእኔዋ 8.9። ገልብጠው ጀርባዋን አሳዩኝ፤ ቶፕስ ራሱ በ1983 መልሶ ያሳተማት ናት፣ ተጽፎባታል። ያልተጻፈ አነባለሁ ብዬ የተጻፈውን ሳላነብ ቀረሁ! መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ባዶዋ ቦታ ላይ አስገቧት። «ለሚገዛኝ ሰው ስብስቡ 406 ነው። ለእኔ ሞልቷል» አሉ። አሁን እሳቸው በሕይወት የሉም። አልበሙ ልጃቸው ዘንድ ነው፤ ያቺን ካርድ እንዳላወጣት ነግሮኛል።

ይህን ሁሉ ያወራኋችሁ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የእጃችሁን መጽሔት ግለጡት፤ የእኛ ክፍል ፎቶዎች ውስጥ አራት ባዶ ቦታ አለ። ሁለቱ አርፈዋል፤ ቤተሰቦቻቸው ፎቶ አልሰጡንም፣ ወይም እኛ ደጋግመን አልጠየቅንም። ሁለቱ የት እንዳሉ የሚያውቅ አልተገኘም። የሜዳልያ ተሸላሚዎቻችንን ለማግኘት አንድ ስልክ በቅቶናል፤ ሁሉም ሰው ቁጥራቸው አለው። የጠፉብን ከኋላ ወንበር ዝም ብለው የሚቀመጡት ናቸው። ከእነሱ አንዷ የአናቶሚ ማስታወሻዋን ለፈተና አውሳኝ እኔ ያለፍኩበትን እሷ በድጋሚ ተፈትናለች። ማስታወሻውን እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።

እባካችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የምታውቁትን፣ የሰፈር ስምም ቢሆን፣ የእህት ስልክም ቢሆን፣ በሩ አጠገብ ላለው ኮሚቴ አስመዝግቡ። እኔም እዚያው እቆማለሁ።