ለደከመ እግር የሚስማማውን መደገፊያ ስለ መምረጥ የተደረገ ንግግር



ልኩ ያልሆነ ጫማ እግርን እንዲያቈስል፥ ልኩ ያልሆነ መደገፊያም የተቀበለውን ሰው ይጐዳዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ሰውዬው ይለካ፤ ዕቃው ኋላ ይመረጥ።

አንድ እግሩ ጥቂት ለደከመበት ሰው ከዘራ ይበቃዋል። ቁመቱም ሰውዬው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ሲያወርድ እስከ እጁ አንጓ ይድረስ፤ የሚይዘውም በደኅነኛው እግር በኩል ባለው እጁ ነው። እግሩ ክብደቱን ለማይሸከምለት ግን ክራንች ያሻዋል። በብብቱና በክራንቹ ራስ መካከል 2 ወይም 3 ጣት ይራቅ፤ ክብደቱንም በእጁ ይሸከም። በብብቱ ቢንጠለጠልበት ነርቩ ተጨቍኖ እጁ ይደነዝዛልና።

መራመድ ለማይችለው ባለመንኰራኵር ወንበር ይፈለግለታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2008 ዓመት ባወጣው መመሪያ፥ ወንበሩ ለተቀማጩ ልክ የሆነ፥ ለሚኖርበት ስፍራ የሚስማማና በአገሩ የሚጠገን ይሁን ብሏል። ለትልቅ ሰው የተሠራው ወንበር ሕፃኑን ያጐብጠዋል። በገጠር ጭቃና ድንጋይ ላይ ትንሽ የፊት ጐማ ይቀረቀራል፤ ትልቅና ሰፊ የሆነው ይሻላል። ገላው የማይሰማውም ሰው ያለ ደኅና ትራስ አይቀመጥ፤ መቀመጫው ቈስሎ ለሞት ሊያደርሰው ይችላልና።

እንግዲህ በየመንደሩ ከትምህርት የቀረ ልጅ ቢኖር፥ ከወላጆቹ ጋር ተማክራችሁ ወደሚለካበት ጤና ድርጅት ምሩት። የትምህርት ቤቱንም ደረጃ በተዳፋት መንገድ ለውጡት፤ ለ1 ስንዝር ከፍታ 12 ስንዝር ርዝመት ይኑረው። ወንበር ተሰጥቶት ደጁ ቢዘጋበት ስጦታው ምን ይረባዋል?