ሲሾም ያልበላ አይቆጨውም

ውድ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች፤

ዛሬ ምክር ከመደርደር ይልቅ የአንድ የታሪክ ምሁር ሕይወት ባነሣላችሁ እመርጣለሁ።

ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1935 ዓ.ም. ደምቢ ዶሎ ተወለዱ። በስደት ዘመናቸው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሰዮ ኦሮሞን ታሪክ አጠኑ፤ በዚያም ዶክትሬታቸውን አገኙ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሚኒስትር፣ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሕገ መንግሥቱ በሥራ ላይ የዋለበት አዋጅ ቁጥር 1/1987 ግርጌ ያለው ፊርማ የእሳቸው ነው።

በ1994 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከፖለቲካ ድርጅታቸው ጋር ተለያይተው ነበር። የቀድሞ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ካልራቀ ጥቅማጥቅሙን እንደሚያጣ የሚደነግግ ሕግም ወጣ። ዝም ብለው ቢቀመጡ ኑሯቸው የተደላደለ ነበር። እሳቸው ግን በ1997ቱ ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ ጥቅማጥቅሙም ቀረባቸው።

ልብ በሉ፤ በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ የሁለቱን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በንግግር የሚከፍተው ፕሬዚዳንቱ ነው። ለስድስት ዓመት ከመድረኩ ላይ ሲናገሩ የኖሩት ሰው፣ ፓርቲ ሳይኖራቸው ከ547 ወንበሮች በአንዱ ተቀመጡ። ብዙ ሰው ይህን ውርደት ይለው ይሆናል። እኔ ግን ዕድገት እለዋለሁ። ፕሬዚዳንት በአብዛኛው ሥነ ሥርዓት ያስፈጽማል፤ የሕዝብ ተወካይ ግን ሚኒስትር ይጠይቃል፣ በጀት ይመረምራል፣ ድምፅ ይሰጣል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 54 ለሦስት ነገር ብቻ ተገዢ ያደርገዋል፤ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው።

ምሁርን ለምክር ቤት የሚያበቃው ማዕረጉ አይደለም፤ «ማስረጃው የታለ?» ብሎ የመጠየቅ ልማዱ ነው። ድሬዳዋ ይህ ልማድ ያስፈልጋታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ የብዙ ሰው ሕይወት ቀጠፈ። ዛሬ በወንዙ ዳር ግንባታ ሲፈቀድ የውሃውን ልክ የሚያውቅ መሐንዲስ፣ የወጪውን ሰነድ የሚያነብ የሒሳብ ባለሙያ፣ የነዋሪውን መብት የሚያስረዳ የሕግ ሰው ውሳኔው በሚሰጥበት ስብሰባ መኖር አለበት። ያ ሰው ከእናንተ መካከል ይውጣ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እየሰማን አድገናል። ዶክተር ነጋሶ ግን ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር ያስታወሳቸው ባልበሉት ነው። ስለዚህ አደራ እላችኋለሁ፤ ወንበር ብታገኙ ጠይቁበት፣ ብታጡም መጠየቃችሁን አታቁሙ።