የሌላ ሞተር ቸርኬ

እሱ፦ የሞተር ዕቃ ፍለጋ ወደ ሰባተኛ ሰፈር የወጣ ሰው የሚጠይቀው ነገር አለ፤ የአስፋልት ሞተር ቸርኬ ለክሮስ ሞተር ይሆናል?

እሷ፦ ይሆናል፤ ግን የክሮሱ የፊት ቸርኬ ብዙውን ጊዜ 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ነው። የአስፋልቱ በብዛት 17።

እሱ፦ ሆን ብለው 17 የሚያስገቡም አሉ እኮ። ሱፐርሞቶ የሚባለው።

እሷ፦ ልክ ነህ፣ ለአስፋልት። ሞተሩ ግን ዝቅ ይላል። ኮረኮንች ላይ ሆዱን ድንጋይ ይመታዋል። ገጠር ለሚሠራ ሰው እኔ አልመክርም።

እሱ፦ ኢንቹ እኩል ቢሆንስ?

እሷ፦ ያኔ የፔርኖው፣ የቸርኬው ዘንግ፣ ጉዳይ ይመጣል። 15 ሚሊሜትር ፔርኖ ውስጡ 17 በሆነ ኩሽኔታ ውስጥ ይወዛወዛል። ክፍተቱን ቆርቆሮ ጠቅልሎ የሚሞላ አለ፤ ይሄ ሕይወት ያስከፍላል!

እሱ፦ ቶርኖ ቤት ቡሽ ቢያስቀርጽስ?

እሷ፦ ኩሽኔታ መቀየር ይሻላል። 6003 የሚለው ውስጡ 17፣ ውጪው 35 ነው። 6202 ደግሞ 15 በ35። የ6202 ውፍረት ብቻ በ1 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ እሱን የጎን ቡሹ ላይ ማስተካከል ነው።

እሱ፦ ካቴናውስ?

እሷ፦ የፊትና የኋላ ጥርሱ ቀጥ ብሎ ካልተሰለፈ ይወልቃል። የፍሬኑ ዲስክም በፍሬን ሸራዎቹ መሃል መግባት አለበት።

እሱ፦ እንግዲህ አድማጮቻችን፣ ቸርኬ ልትገዙ ስትወጡ አሮጌውን ከነፔርኖው ያዙ። ሳትለኩ ገንዘብ አትክፈሉ።